ስኳሩ ንጹሕ ነበር

ለስድስት ዓመት ሽቶ አልተቀባሁም። በሚሸት ሳሙና አልታጠብኩም፤ ሰርግ ስንጠራ ጓደኞቼ ሽቷቸውን ሲረጩ እኔ ከክፍሉ ወጥቼ ደጅ እጠብቃቸው ነበር። ሥራዬ ትንኝ ማርባት ነበር። ባለፈው ወር መልቀቂያ አስገባሁ፣ ቁልፍና ጋዋን አስረከብኩ፣ ክሊራንሱ ላይ የማላውቃቸውን ቢሮዎች ሁሉ ፊርማ ለቅሜ ወጣሁ። አሁን ኮልፌ ገበያው ጀርባ ያለች አንዲት ማተሚያ ቤት ውስጥ ለሰርግ ጥሪና ለሙት ዓመት ካርድ ግጥም እጽፋለሁ። ደንበኛ ይመጣና "አራት መስመር፣ የሚያስለቅስ" ብሎ ያዛል። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ከድሮ መጽሔቶችና ከገዛ ራሴ ንዴት ነው የተማርኩት። ትንኝን ግን ያስተማረኝ ሰው አለ። እዚህ የማነሳው እሱን ነው።

ያደግሁት ቀራንዮ ነው። እናቴ ኮልፌ ገበያ አተር፣ ባቄላና ምስር ትሸጣለች። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ሲደርሰኝ ሐኪም የምሆን መስሏት፣ በየሳምንቱ በየተራ በአማኞች ቤት የሚሰበሰበውን የቤት ኅብረት ሁሉ አስጸልያልኛለች። ሁለተኛ ዓመት ላይ ስለ ነፍሳት የምንማረው ኮርስ ነበር። የዓመቱ ዋና ሥራ ሃምሳ ነፍሳት ሰብስቦ፣ በቀጭን መርፌ ወግቶ፣ በሳጥን ደርድሮ ማቅረብ ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ወደ ገጠር ወጡ። እኔ ሃምሳውንም ከሰፈሬ ሰበሰብኩ፤ ከእማዬ ባቄላ ነቀዝ፣ ከባሕር ዛፍ ቅርፊት ሥር ጢንዚዛ፣ ከታክሲ ፌርማታው መብራት ሥር የእሳት ራት።

ሳጥኑን የሚረከቡት ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነበሩ። ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ከወረቀት ኮሽታ የማይበልጥ ሰው። ዲግሪ የላቸውም። ዲግሪ ያላቸው ሁሉ ግን እሳቸውን ሳይጠይቁ አንድ ብልቃጥ አያነሱም።

ከሳጥኔ አንዷን የእሳት ራት አወጡና አዩዋት።

"የት ነው የተያዘችው?"

"ቀራንዮ።"

"ቀራንዮ የት?"

"ፌርማታው ጋ።"

"መቼ?"

አላስታወስኩም። የእሳት ራቷን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "ቦታና ቀን የሌለው ነፍሳት ጥራጊ ነው የኔ ልጅ። መጥረጊያ ሲያገኘው ጠርጎ ይጥለዋል።"

በንዴት ፊቴ ነደደ። ሳጥኑን ተሸክሜ ተመለስኩና ሃምሳውንም እንደገና ያዝኩ። በሁለተኛው ጊዜ እያንዳንዷ ሥር ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ዛፉ ሳይቀር ተጽፏል። ጋሽ ደምሴ አንድ በአንድ አነበቡና፣ "ቁጡ ነሽ" አሉኝ። "ቁጡ ሰው ወይ እጁ ይረጋል፣ ወይ ጭራሽ አይረጋም። ነገ ነዪና እንየው።"

በዚሁ የተማሪ ረዳት ሆኜ ቀረሁ። አበሉ ለታክሲና ለምሳ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሊወራለት የሚገባ አይደለም።

የነፍሳት ክፍሉ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት በር አለው፤ አንደኛው ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። የአዲስ አበባ ብርድ የወባ ትንኝን ስለማይምር ውስጡ ማሞቂያ ይሠራል፣ በየመደርደሪያው እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላል። በስተግራ ሰፋፊ የፕላስቲክ ገንዳዎች አሉ። ውሃቸው ውስጥ የሐር ክር ቁራጭ የሚያካክሉ እጮች ይተራመሳሉ። በስተቀኝ በመረብ የተሸፈኑ ሳጥኖች ናቸው፤ ክንፍ ያወጡት እዚያ ይኖራሉ። የስኳር ውሃ የጠጣ ጥጥ እናስቀምጥላቸዋለን፤ ሴቶቹ እንቁላል እንዲጥሉ ደም ስለሚያስፈልጋቸው ሆዷ የተላጨ ጥንቸል እናቀርብላቸዋለን። ከሳጥን ወደ ሳጥን ስናዛውራቸው በመስታወት ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ ጎማ አለ፣ መካከሉ ላይ ወደ አፍ እንዳይገቡ ትንሽ ወንፊት። ጎማውን በአፍ ይዞ ትንፋሽን በልክ መሳብ ያስፈልጋል፤ በኃይል ከሳቡ እግራቸው ይሰበራል። ጋሽ ደምሴ ሃያ ትንኝ በአንድ ትንፋሽ ይወስዱ ነበር፣ ገለባ እንኳ የተወዛወዘ ሳይመስል። እኔ ሦስት ለመውሰድ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

እነዚህ ትንኞች እንደ ሌላው ትንኝ አይደሉም። በአገሩ ሁሉ ያለው የወባ ትንኝ የሚረጨውን መድኃኒት ለምዶታል። የእኛዎቹ ግን ከሃያ ዓመት በላይ፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ምንም መድኃኒት ሳይነካቸው የረቡ ናቸው። መድኃኒት አያውቁም። ስለዚህ አዲስ አጎበር ወይም አዲስ ርጭት ሲመጣ መጀመሪያ በእነሱ ላይ ይሞከራል፤ እነሱን ካልገደለ ማንንም አይገድልም። ሚዛን ነበሩ። ሚዛኑን ለሃያ ዓመት የጠበቁት ጋሽ ደምሴ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ውሃ አፍልተው በጄሪካን ይሞሉና ጄሪካኑን በጋቢ ጠቅልለው ከመደርደሪያው ሥር ያስቀምጣሉ። ከሰል አያስገቡም፤ ጭስ ይገድላቸዋል። ጋቢው ከቤት የመጣ የራሳቸው ጋቢ ነው።

ልማዳቸው ብዙ ነው። በሩ ላይ ቆመው መዳፋቸውን ያሸታሉ። "ባለቤቴ ጸዳለ ሠላሳ ዓመት ሽታ የሌለው ባል አቅፌ ኖርኩ ትላለች" ይሉኛል። ነፍሳቱን ከመያዛቸው በፊት ቦታና ቀን ያለበትን ቁራጭ ወረቀት ያዘጋጃሉ፣ ሁልጊዜ በእርሳስ፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው አልኮል የእስክሪፕቶ ቀለም ያጠፋል። ትንኝ ሞተ አይሉም። "ወረደ" ይላሉ። ጠዋት ስገባ ከሰላምታ በፊት ጥያቄያቸው "ስንት ወረዱ?" ነው።

አንድ ቀን የዕለት መዝገቡ ጠርዝ ላይ ስለ እጮቹ ሁለት ስንኝ ጻፍኩ። አዩት። አልተቆጡም፤ ላጲስ አንስተው ቀስ ብለው አጠፉትና፣ "ግጥሙ ጥሩ ነው" አሉ። "ግን ሌላ ደብተር ላይ። እዚህ የምንጽፈው ያየነውን ብቻ ነው።"

ከልማዶቻቸው ሁሉ ጥብቁ ስለ ታጠበ መረብ ነው። የሳጥኖቹ መረብ በየጊዜው ወልቆ ያለ ሳሙና ይታጠባል። የታጠበው መረብ ሲመለስ ሁሉም ትንኞች አይገቡበትም። መጀመሪያ አሥር ብቻ ይገባሉ፣ እስከ ማግስቱ ይቆያሉ። ጋሽ ደምሴ እነዚህን አሥር "ምስክሮቹ" ይሏቸዋል። ከምስክሮቹ አንድም ካልወረደ የቀሩት ይገባሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ ምስክር ወርዶ ያውቅ እንደሆን ጠይቄያቸው ነበር።

"አንድም ቀን።"

"ታዲያ ለምን ይደክማሉ?"

"አንድም ቀን ስላልወረደ ነው እንጂ። ምስክር የሚያስፈልገው ሁሉ ነገር ደህና የመሰለ ቀን ነው።"

እቤት ሥራዬ መቀለጃ ነበር። እማዬ ለገበያ ጎረቤቶቿ "የሰው ልጅ በግ ያደልባል፣ የኔዋ ቢምቢ ትቀልባለች" ትላለች። እኔን ደግሞ፣ "ሊዲያ፣ ጌታ በኖኅ መርከብ ያዳናቸው ላንቺ እንጀራ ብሎ ኖሯል" ትለኛለች።

አራተኛ ዓመት ላይ፣ ጥር ወር፣ ጋሽ ደምሴ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ቀራቸው። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ከጡረታ በኋላ በኮንትራት እንዲቆዩ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ነበር። ጋሽ ደምሴ ስለ ደብዳቤው ያወሩት አንድ ቀን ብቻ ነው። "ባይሆንልኝ ቤት ተቀምጬ ምን አደርጋለሁ? ግድግዳ ላይ ዝንብ ልቆጥር?" ብለው ሳቁ። ሲስቁ ግን ዓይናቸው ከገንዳዎቹ አልተነሳም።

በዚያ ሳምንት ግቢው ውስጥ ውሃ ጠፋ። የመረቦቹ መታጠቢያ ቀን ደግሞ ደርሷል። እኛ ቤት በበርሜል ውሃ ስለነበረን ወስጄ ልጠባቸው አልኩ። ጋሽ ደምሴ አመነቱ።

"ሳሙና?"

"አልነካም።"

"ዕቃው?"

"ንጹሕ ሳፋ አለን።"

"ሦስት ጊዜ አለቅልቂ። ከዚያ ምስክሮቹ።" ማክሰኞና ረቡዕ እሳቸው ለጡረታው ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ስለሚዞሩ ሥራው ለእኔ ተተወ።

ሰኞ ከሰዓት እቤት ስደርስ እማዬ ገበያ ናት። ቀዩ ሳፋ ታጥቦ ግድግዳ ተደግፏል። መረቦቹን ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩ። ማክሰኞ ምስክሮቹን ማስገባት ነበረብኝ። ማክሰኞ ግን ከቤት አልወጣሁም፤ ረቡዕ ከሰዓት ኮልፌ የወጣት ማዕከል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ግጥም ላነብ ነበርና እሱን ስሸመድድ ዋልኩ። ረቡዕ ጠዋት መረቦቹን ይዤ ሄድኩ። ምስክሮቹን ያኔ ባስገባ ውጤቱ ሐሙስ ነው፤ ጋሽ ደምሴም ሐሙስ ሲመለሱ ሥራው አልቆ ማየት ይፈልጋሉ። ሦስት ጊዜ አለቅልቄያቸዋለሁ፣ ምን ይሆናል አልኩ። መረቦቹን ወጠርኩ፣ ትንኞቹን በሙሉ አዛወርኩ። የጥር አየር ስለሚያደርቅ፣ የቀሩትን መረቦች በውሃ አርሼ፣ ጠብ ጠብ እንዳሉ እንደ ልማዳችን ከገንዳዎቹ በላይ አንጠለጠልኩ። መዝገቡን ገለጥኩና በማክሰኞ ቀን ሥር በእርሳስ እንዲህ ጻፍኩ፦ "ምስክር አሥር። የወረደ የለም።"

ከዚያ ታክሲ ይዤ ወደ ግጥሜ ሄድኩ። ተጨበጨበልኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለተኛውን በር ስከፍት ጋሽ ደምሴ ቀድመውኝ ቆመዋል። አንድ እጃቸው መደርደሪያውን ይዟል። እንደ ልማዳችን በጨዋታ "ስንት ወረዱ?" አልኳቸው።

"ሁሉም" አሉ።

በየሳጥኑ ወለል ላይ ቁንዶ በርበሬ የተደፋ ይመስላል። የገንዳዎቹም እጮች በውሃው ላይ ተዘርግተው ተንሳፍፈዋል። ያ ክፍል ሁልጊዜ ቀጭን የክንፍ ድምፅ ነበረው፤ ድምፁ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጠዋት ሲጠፋ ነው።

ጋሽ ደምሴ መዝገቡን ገልጠው አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝ።

"ምስክሮቹን አስገብተሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ማክሰኞ?"

"አዎ፣ ጋሽዬ።"

"አንድም አልወረደም?"

"አንድም።"

አመኑኝ። ለምን አያምኑኝም? ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁትን ብቻ ስጽፍ ነው ያዩኝ። ወንበር ስበው ተቀመጡና በጣታቸው ጉልበታቸውን እየነኩ ማሰብ ጀመሩ። "ምስክሮቹ ካልወረዱ መረቡ አይደለም። መረቡ ካልሆነ ስኳሩ ነው። ሰኞ ስኳሩን የበጠበጥኩት እኔ ነኝ። በዚያው የመስታወት ፍላስክ ገንዳዎቹ ላይ ውሃ ጨምሬያለሁ..." ወደ መደርደሪያው ዞሩ። "ፍላስኩን ከየት ነው ያነሳሁት? ከዚህ ነው፣ ወይስ መድኃኒት ከምንሞክርበት ክፍል?"

"ከዚህ ነው ጋሽዬ፣ እርስዎ እኮ አይሳሳቱም።"

"አላስታውስም" አሉ። "ሊዲያ፣ አላስታውስም።"

የዚያን ቀን ከሰዓት ቤት ስገባ እማዬ ቀዩን ሳፋ መካከል አድርጋ ተንበርክካለች። ከውሃ መጠጫ ላስቲክ ጠርሙስ ነጭ ነገር እያንጠባጠበች ትበጠብጣለች። ጠርሙሱ ላይ አንድም ጽሑፍ የለም።

"ምንድነው እማዬ?"

"የትኋን መድኃኒት ነው፣ ከገበያ። ቅዳሜ ኅብረቱ እኛ ቤት ነው አይደል? ወንድሞችና እህቶች ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው ጸልየው ትኋን ይዘው ይሂዱ?" ብላ ሳቀች። "ባለፈው እሑድ ረጭቼ ነበር፤ ግማሹ አልሞተም። አሁን ወፈር አደረግሁት።"

"እሑድ በምን በጠበጥሽው?"

"በዚሁ በሳፋው ነዋ። ምነው? በሳሙና አጥቤ አስደግፌው ነበር እኮ።"

የሰፈራችንን ትኋን ግማሹን እንኳ ያልገደለ መድኃኒት ነው። የእኛን ትንኞች ግን የሳፋው ጠረን ብቻ ይበቃቸዋል። እማዬ ፊቴን አይታ "ሽታው ነው? ወደ ውጪ ውጪ" አለችኝ። ወጣሁ። ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ ብዬ ማልኩ።

በማግስቱ ስገባ መዝገቡ ተከፍቶ ተቀምጧል። በሐሙስ ቀን ሥር በዚያ ደቃቅ ጽሕፈታቸው፦ "ሁሉም ወረዱ። ምክንያቱ የስኳር ውሃው። ጥፋቱ የደምሴ።" ፈርመዋል። ለዶክተሩም ነግረዋል።

"ጋሽዬ..." አልኩ።

"ተዪ፣ አታጽናኚኝ" አሉኝ። "ሰው ያረጃል። ባረጀበት ቀን ቢያውቀው ደግ ነው።"

ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ሁሉም ነገር ሌላ ይሆን ነበር። አፌን አልከፈትኩም። ከሥራ እባረራለሁ፣ ምርቃቴ ይያዛል፣ ዶክተሩ ይንቀኛል ብዬ ፈራሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከሁሉ በላይ ግን እሳቸው እንደዚያ ባመነኝ ዓይናቸው ዳግመኛ አያዩኝም ብዬ ፈራሁ።

የኮንትራቱ ደብዳቤ ከዶክተሩ ጠረጴዛ አልተነሳም። ሰኔ ላይ ለጋሽ ደምሴ አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጥተን፣ ለስላሳ ጠጥተን ኬክ በልተን ሸኘናቸው። ክፍሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ እኔ ተመረቅሁና በቦታቸው ተቀጠርኩ። ከሌላ ቤተ ሙከራ በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ የትንኝ እንቁላል መጣልን፤ ከስድስት ወር በኋላ ሳጥኖቹ እንደገና ሞሉ። ትንኞቹ ተተኩ። ሦስት ዓመት በእሳቸው ወንበር ተቀምጬ፣ በእሳቸው ጠረጴዛ፣ አዳዲስ ተማሪዎችን "ምስክር ሳታስገቡ እንዳታዛውሩ" እያልኩ አስተማርኩ። ጥሩ አስተማሪ ነበረች ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ፣ የእማዬ ሱቅ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም የጋሽ ደምሴ ባለቤት እትዬ ጸዳለ ለሽሮ እህል ሊገዙ መጡ። ስለ ጋሽ ደምሴ ጠየቅኋቸው።

"ምን ደህና አለው" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የእድሩን ጸሐፊነት እንኳ መለሰው። ደብተር አበላሻለሁ ብሎ። ምድጃ አጥፍቼ እንደሁ እያለ አምስቴ ይነሳል። ብቻውን ታክሲ አይይዝም። በፊት በፊት እኮ ምንም አልነበረውም፣ አእምሮው እንደ ምላጭ ነበር። 'ጸዳለ፣ ጭንቅላቴ የሄደው ከትንኞቹ ቀን ጀምሮ ነው' ይለኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሱን አምኖ አያውቅም።"

እማዬ ምስሩን እየመዘነች "ጌታ ይማረው" አለች። ሳፋዋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

በሳምንቱ ዶክተሩ ቢሮ ገባሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ብዕሩን አስቀምጦ ሰማኝ።

"ለምን አሁን?" አለ።

እትዬ ጸዳለ ገበያ ያሉኝን ደገምኩለት። "ኮንትራቱ አሁን የሚመለስ ነገር አይደለም" አለኝ፤ "መዝገቡ ላይ ግን ጻፊው።" የድሮውን መዝገብ ከመጋዘን አወጣሁ። ከጋሽ ደምሴ ፊርማ ሥር፣ ምክንያቱ መረቡ እንደሆነ፣ ምስክር እንዳልገባ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጻፍኩ። መልቀቂያዬንም ያን ቀን ነው የጻፍኩት። ዶክተሩ ተተኪ እስኪያገኝ ጥቂት ወራት አቆየኝ።

እሑድ ዘነበወርቅ፣ ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ከሲታ ሆነዋል፤ መነጽሩ ያው በክር ነው። ሻይ ሳይቀርብ ተናገርኩ። እንዳይቋረጥብኝ ፈርቼ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገርኩት።

አልጮሁም። እንደ ቴክኒሻን ይጠይቁኝ ጀመር። ሳፋው ምን ዓይነት ነው? ስንት ጊዜ አለቀለቅሽ? መድኃኒቱ ውሃ ሲነካው ነጣ? እርጥቦቹን የት አንጠለጠልሽ? ሁሉንም መለስኩ። በመጨረሻም፣

"ስኳሩስ?" አሉ።

"ስኳሩ ንጹሕ ነበር።"

"ፍላስኩ?"

"ንጹሕ ነበር ጋሽዬ።"

"ጸዳለ!" ብለው ተጣሩ። እትዬ ጸዳለ ከጓዳ እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። "ስሚ፣ ምን እንደምትል ስሚ። እኔ አልነበርኩም። ድገሚላት!"

ደገምኩ። እትዬ ጸዳለ ሳያምኑኝ አዩኝ፤ ለማጽናናት የመጣሁ መስሏቸው ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስናገር አመኑ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ጋሽ ደምሴ ተነሡ። "ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ፍላስክ ከየት እንዳነሳኋት ሳስብ ነው የከረምኩት" አሉ። "በእንቅልፌ ሳይቀር" አሉ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው።

"ውጪልኝ" አሉኝ። ወጣሁ። ተገቢ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እትዬ ጸዳለ ደውለው "ነዪ፣ ይጠይቅሻል" አሉኝ። ስገባ ጋሽ ደምሴ ከአንድ ጎረቤት ጋር ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። "የኔ ልጅ! ትንኞቹ እንዴት ናቸው?" አሉና ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። "የኔ ተማሪ ናት። እነዚያን የድሮዎቹን እኔ ነኝ የፈጀኋቸው፣ በስኳር። እሷ ግን ደህና ይዛቸዋለች።"

እትዬ ጸዳለ በር ላይ ያዙኝ። "ሦስት ቀን ያዘው" አሉኝ በሹክሹክታ። "ሦስት ቀን ደስ ብሎት፣ ተቆጥቶ፣ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ። ከዚያ ጠፋ። ሐኪሙ በሽታው የራሱ ነው፣ ከማንም አልመጣም ይላል።" ሐኪሙ ያለው ሳያጽናናኝ ቀረ። ውሸቴ የተቀመጠው አእምሯቸው ገና ሁሉን በሚይዝበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ጸንቶ ቀረ። እውነቱ የደረሰው ምንም ነገር በማይቆምበት ጊዜ ነው።

ጎረቤቱ ሲሄድ እንደገና ነገርኳቸው። እንደገና ስለ ሳፋው ጠየቁኝ። ያን ቀን አላባረሩኝም፤ አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ እሄዳለሁ። እንደ አዲስ እነግራቸዋለሁ፣ እንደ አዲስ ይሰማሉ። አንዳንዴ ይቆጣሉ፣ አንዳንዴ እጄን ይይዛሉ። አንድ ጊዜ ደክሞኝ "እትዬ፣ ልተወው ይሆን? ማሠቃየት አይሆንም?" አልኳቸው።

"እንዳትተዪ" አሉኝ። "አንቺ በመጣሽ ቀን ምድጃውን አንድ ጊዜ ብቻ ያያል።"

ባለፈው እሑድ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አላወቁኝም፤ የእድር ሰው መሰልኳቸው፣ "ግቡ፣ ግቡ" አሉኝ። ጎናቸው ተቀምጬ ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ አንዲት ተማሪ ነበረች አልኩ፣ ምስክሮቹን ሳታስገባ አስገባሁ ብላ የጻፈች። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስለ ሳፋው አልጠየቁም፣ ስለ ፍላስኩም አልጠየቁም። ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ልጅቷ አሁን የት ናት?"

"አለች" አልኩ።

"ለዶክተሩ ስሟን እንዳትሰጪው" አሉኝ፣ በዚያ እንደ ወረቀት በሚንኮሻኮሽ ድምፃቸው። "ገና ተማሪ ናት። እኔ እንደሆንኩ ወጥቻለሁ።"

"እሺ" አልኳቸው።

ጉልበቴን መታ መታ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ፀሐዩ ፊታቸው ላይ እንዳለ።